ኪስና ዕድሜ

አንድ ሰው ዕድሜው ስንት እንደሆነ ሳይናገር፣ በኪሱ የያዛቸውን ዕቃዎች አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ ቢዘረግፋቸው፣ ዕድሜውን መገመት ብዙ አያስቸግርም። ከልጅ ኪስ ጠጠር፣ ሲባጎ፣ የደነዘ ምላጭና ብርሃኑ የደከመ ትንሽ ባትሪ ይወጣል። ከጎልማሳ ኪስ የቁልፍ ዘለላ፣ ሰንጢና ስልክ ይገኛል። ከአረጋዊ ኪስ ደግሞ መነጽር፣ ወረንጦና በጨርቅ የተቋጠረ መድኃኒት ይወጣል። ዕቃዎቹ የተለያዩት ሰዎቹ የተለያየ ሀብት ስላላቸው ብቻ አይደለም። ያው አንዱ ሰው ራሱ ከልጅነት እስከ እርጅና ሲዘልቅ፣ በየዘመኑ የሚመርጠው ዕቃ ይለያያል።

ይህ ምንባብ ሁለት ተራ ዕቃዎችን፣ ይኸውም የእጅ ባትሪንና ሰንጢን፣ ምሳሌ አድርጎ የሰው ምርጫ ከዕድሜ ጋር እንዴትና ለምን እንደሚለወጥ ያስረዳል። ለለውጡ ምክንያት የሚሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአካል ሁኔታ፣ ሁለተኛው የኀላፊነት መጠን፣ ሦስተኛው ደግሞ የመሣሪያው የራሱ መሻሻል ነው። ሦስቱም በእያንዳንዱ የዕድሜ ክፍል ተጣምረው ይታያሉ።

ሀ. የሁለቱ ዕቃዎች አመጣጥ

የእጅ ባትሪ ከመምጣቱ በፊት የአገራችን ሰው በሌሊት ሲንቀሳቀስ የሚይዘው ችቦ፣ ጧፍ ወይም ፋኖስ ነበር። እነዚህ ሁሉ እሳት ናቸው። ነፋስ ያጠፋቸዋል፣ ዝናብ ያከስማቸዋል፤ ጥንቃቄ ከጎደለም የሣር ቤት ያቃጥላሉ። እንደ ቱቦ ባለ ዕቃ ውስጥ ድንጋይ ተደርድሮበት ያለ እሳት ለሚበራው የእጅ መብራት፣ ዴቪድ ሚሴል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ድንጋዮች ቶሎ ስለሚደክሙ መብራቱን ለረጅም ጊዜ ማብራት አይቻልም ነበር፤ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ግድ ነበር። አሜሪካውያን ዕቃውን «ብልጭታ ብርሃን» የሚል ትርጉም ባለው ስም የጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዞች ግን በችቦ ስም ጠሩት። በአማርኛ ደግሞ ስሙ የወጣው ከሚመግበው ነገር ነው። ዕቃውን «ባትሪ»፣ በሆዱ የሚገባውን «የባትሪ ድንጋይ» እንላለን። እንግዲህ አንዱን ዕቃ አንዱ በአበራሩ፣ ሁለተኛው በተካው ነገር፣ ሦስተኛው በቀለቡ ሰይሞታል ማለት ነው።

ሰንጢ ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ ትንሽ ቢላዋ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው ባለ ብዙ መሣሪያ ሰንጢ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው። በኢባክ መንደር የቢላዋ ሠሪ የነበረው ካርል ኤልሰነር እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ወታደሩ የታሸገ ምግብ የሚከፍትበትና ጠመንጃውን የሚፈታበት መሣሪያ ያስፈልገው ስለነበር፣ በአንድ እጀታ ላይ ከስለቱ ሌላ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ የመኮንኖች የተባለው ቀለል ያለ ዐይነት ወጣ። ከዚህ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ በአሮጌ መኪና አውሮፓን ሲጎበኝ በኪሱ ሰንጢ ቢኖረውም ፒንሳ በማጣቱ ደጋግሞ ተቸገረ። ስለዚህ ፒንሳውን ዋና አድርጎ ሌሎቹን መሣሪያዎች በእጀታው ውስጥ ያጠፈ ዕቃ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1983ም ለገበያ አቀረበው። ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው፣ መሣሪያ የሚወለደው ከሥራና ከችግር መሆኑን ነው። ሥራና ችግር ደግሞ በየዕድሜው ይለያያሉ።

ለ. የልጅነት ዘመን

ለሕፃን የእጅ ባትሪ መሣሪያ ሳይሆን መጫወቻ ነው። በመዳፉ ላይ ያበራዋል፤ ጣቶቹ በብርሃን ቀልተው ሲያይ ይደነቃል። ወደ ግድግዳ አብርቶ በእጁ የውሻና የወፍ ጥላ ይሠራል። ስለ ብርሃኑ ማነስ አይጨነቅም፤ የሚያስደስተው የራሱ መሆኑ ብቻ ነው። ለዚህም አካላዊ ምክንያት አለ። የልጅ ዐይን ብሌን በጨለማ ውስጥ በሰፊው ስለሚከፈት፣ ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል። አንድ የ10 ዓመት ልጅ አንድን ነገር ከዐይኑ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አርቆ ይዞ በግልጽ ሊያይ ይችላል።

የሰንጢም ነገር እንዲሁ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሰንጢው ዱላ ይልጣል፣ ሸንኮራ ይቆርጣል፣ ከመቃ ዋሽንት ይበሳል። ይሁን እንጂ ጣቶቹ ገና ስላልጠነከሩ፣ ሞላው ጠንካራ የሆነ ሰንጢ ለመክፈት ሲታገል ጥፍሩ ይሰበራል፤ ሲዘጋም ስለቱ ጣቱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ልጅ የሚመርጠው ትንሽና በቀላሉ የሚከፈተውን ነው። ወላጅ ደግሞ መርጦ የሚሰጠው ሲጠፋ የማይቆጨውን ነው።

የአገራችን ተማሪዎች ያለቀ የባትሪ ድንጋይን እንኳ ለትምህርት ያውሉት ነበር። ድንጋዩን ሰብረው በውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት በማውጣት የደበዘዘውን ጥቁር ሰሌዳ ይቀቡበታል። ብልኀቱ የሚደነቅ ቢሆንም፣ ዱቄቱ ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ስላለበት ወደ ሳንባ ሲገባ ይጎዳል፤ ዛሬ ሊመከር አይገባም። በአሁኑ ዘመን ከዚህ የባሰ ሌላ አደጋ መጥቷል። በትናንሽ ባትሪዎችና መጫወቻዎች ውስጥ የሚገባው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለ ክብ ድንጋይ በሕፃን ቢዋጥ፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የምግብ መውረጃ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ሲደርስ ሕፃኑን ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሐ. የወጣትነት ዘመን

ወጣት ዕቃን የሚለካው በኀይሉ ነው። ሁለት ድንጋይ ከሚጎርሰው ባትሪ ይልቅ ሦስት የሚጎርሰውን፣ ሁለት ስለት ካለው ሰንጢ ይልቅ ዐሥር መሣሪያ ያለውን ይመርጣል። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ የማን ባትሪ ማዶ ካለው ዛፍ እንደሚደርስ ይወዳደራል። የሸንጎበት ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ከሚሰጠው አገልግሎት በላይ ነው። አንዱ ትልቁ የባትሪ ድንጋይ ወደ 100 ግራም ስለሚጠጋ፣ ሦስቱ ብቻ ከቆርቆሮው ሌላ 300 ግራም ያህል ይሆናሉ። ወጣቱ ግን ክብደቱን አይቆጥረውም፤ እንዲያውም ክብደቱ ያኮራዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እናስተውላለን። ብዙ ብርሃን የማያስፈልገው ዐይን ብዙ ብርሃን ይመርጣል። የ20 ዓመት ወጣት በጨረቃ ብርሃን መንገዱን ማየት ሲችል፣ በገበያ ካለው ሁሉ የሚደምቀውን ይገዛል። ይህ ምርጫ ሞኝነት ነው ማለት ግን አይደለም። ወጣት የችሎታውን ወሰን ገና በመፈለግ ላይ ስለሆነ፣ የመሣሪያውንም ወሰን መፈተን ይወዳል። በሰንጢው ካቻቢቴ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ መግጠም ቢያቅተው እንኳ፣ ከዚያ ስሕተት የሚማረው ብዙ ነው።

መ. የጎልማሳነት ዘመን

ሰው ኀላፊነት ሲሸከም፣ ስለ ዕቃው የሚያነሣው ጥያቄ ይለወጣል። ወጣቱ «ምን ያህል ያበራል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጎልማሳው «በተፈለገ ጊዜ ይበራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ዘንድ የተጠራች አዋላጅ፣ በመንገድ ላይ ጎማ የሚቀይር የጭነት መኪና ረዳት፣ እህሉን ከጃርትና ከከርከሮ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ሁሉም የሚፈልጉት ማዶ የሚደርስ ጮራ አይደለም። የሚፈልጉት ያለመቋረጥ የሚበራ፣ ሁለት እጃቸውን ለሥራ የሚለቅላቸውና ዝናብ የማይበግረው ብርሃን ነው። ብዙዎች በግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ጎልማሳ ስለ ዕቃው አያያዝም ያስባል። ባትሪውን ለብዙ ጊዜ የማይጠቀምበት ከሆነ ድንጋዮቹን አውጥቶ ያስቀምጣቸዋል። ተራው የባትሪ ድንጋይ ዚንክ ከተባለ ብረት በተሠራ ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ነው። ቆርቆሮው ዕቃ መያዣ ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪክ በመስጠቱ ሥራ ራሱ የሚበላ ክፍል ነው። ስለሆነም ድንጋዩ ባለቀ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄድና ተበስቶ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ የባትሪውን ሞላና ማብሪያ ያዝጋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ባትሪው ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸው ግን አያያዙ ነው።

በዚህ የዕድሜ ክፍል የሰንጢውም መሣሪያዎች ቁጥር ይቀንሳል። ሰውየው ከልምዱ የተነሣ በየቀኑ የሚሠራበት አንድ ስለት፣ ምናልባትም አንድ ፒንሳ ብቻ መሆኑን ተረድቷል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካቻቢቴውን፣ ልብስ ሰፊ መቀሱን፣ አናጢ ስለቱን ያስቀድማል። ጎልማሳ ሰንጢ የሚያዝበትንና የማይያዝበትን ቦታም ይለያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2001 በአሜሪካ ከደረሰው የአውሮፕላን ጠለፋ ወዲህ፣ ሰንጢ ይዞ ወደ መንገደኞች ክፍል መግባት በብዙ አገሮች ተከልክሏል። ስለዚህ የሚጓዝ ሰው ሰንጢውን በኪሱ ሳይሆን ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ያደርጋል።

የመሣሪያው መለወጥም በዚህ ላይ ይጨመራል። በቀጭን ሽቦ የሚበራው የድሮው አምፖል፣ ከሚያገኘው ኀይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠው ነበር። ኤል ኢ ዲ የተባለው አዲሱ አምፖል ግን በጥቂት ኀይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ ሊሠራ የቻለው ሰማያዊው ከተገኘ በኋላ ነው። ለዚህ ግኝት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 የተባለው ስልክ ደግሞ በራሱ ላይ ትንሽ ባትሪ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ለብቻው ባትሪ መያዙን ተወ። ሆኖም ጥንቁቅ ጎልማሳ ሁለቱን ለይቶ ይይዛል፤ መንገድ ሲያበራ ያመሸ ስልክ፣ ሰው ለመጥራት ሲፈለግ ሊዘጋ ይችላልና።

ሠ. የእርጅና ዘመን

ዕድሜ ሲገፋ ዐይን በብዙ መንገድ ይለወጣል። ብሌኑ እየጠበበ ይሄዳል፤ በጨለማም እንደ ቀድሞው አይከፈትም። በዐይን ውስጥ ብርሃንን የሚሰበስበው ሌንስ ይደነድናል፣ ቢጫነትም ያድርበታል። በዚህም የተነሣ በ60 ዓመት ሰው ዐይን ውስጥ ገብቶ ከሬቲና የሚደርሰው ብርሃን፣ በ20 ዓመት ወጣት ዐይን ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሌንሱ በመደንደኑ ምክንያት ከ40 ዓመት ወዲያ በቅርብ ያለ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል። ልጁ በ7 ሳንቲ ሜትር ያየውን፣ የ60 ዓመት ሰው ያለ መነጽር በግልጽ ለማየት እስከ 1 ሜትር ማራቅ ሊኖርበት ይችላል።

እንግዲህ አረጋዊ ብዙ ብርሃን የሚያስፈልገው ከሆነ፣ እጅግ ደማቅ ባትሪ ይስማማዋል ልንል እንችላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የደፈረሰ ሌንስ የሚገባበትን ብርሃን ስለሚበታትነው፣ የደመቀ ጮራ አረጋዊን ያጥበረብረዋል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲመለስም ዐይኑ ጨለማውን የሚለምደው ከወጣት ዐይን በዘገየ ጊዜ ነው። ይህን ሁኔታ ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት።

አንድ ወጣት ከተማ ገብቶ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ በመጀመሪያ ደመወዙ ለአያቱ በሱቁ ካሉት ሁሉ የሚደምቀውን ባትሪ ገዛላቸው። አያቱ ስጦታውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁት። በዓመቱ ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ ያ ባትሪ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከመኝታቸው አጠገብ ያለው ማብሪያው በሽቦ የተጠገነው አሮጌው ባትሪ ነው። ወጣቱ ቅር ብሎት፣

«አባባ፣ አዲሱን ባትሪ ለምን አይጠቀሙበትም? ተበላሸ እንዴ?» አላቸው።

«ኧረ አልተበላሸም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ያንተ ባትሪ ለመንገዱ መልካም ነው፤ የኔን ዐይን ግን ይወጋዋል። ሳጠፋው ደግሞ ቤቱ ከበፊቱ ይብስ ይጨልምብኛል። ማብሪያውን አንድ ጊዜ ስነካው ይበራል፣ ሁለተኛ ስነካው ይደክማል፣ ሦስተኛ ስነካው እንደ መብረቅ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ሌሊት ከእሱ ጋር ስታገል ከዘራዬ ከእጄ አመለጠኝ፤ እኔም ለጥቂት ተረፍሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎህ ያመጣኸውን እንዴት ልንቀፈው? ደግሞስ ምን እንደሚሻለኝ መቼ ጠየቅኸኝ?»

የሽማግሌው ፍርሃት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት እንደሚወድቁ ገልጿል። ወጣት ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ አረጋዊ ሲወድቅ ግን የዳሌው አጥንት ሊሰበርና ከአልጋ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ለአረጋዊ የሚስማማው ባትሪ ብርሃኑ ለስለስ ያለና በሰፊው የሚፈስ፣ ወደ እግር ሥር የሚያበራ፣ ማብሪያው ትልቅ ሆኖ በጨለማ በዳበሳ የሚገኝ፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ነው።

በእጅም ላይ እንዲሁ ለውጥ አለ። ጣቶች ይደክማሉ፣ መገጣጠሚያቸውም ያማል። በጥፍር ተስቦ የሚከፈት ጠንካራ ሰንጢ፣ ልጁን እንዳስቸገረው ሁሉ አረጋዊውንም ያስቸግረዋል። በዚህ ረገድ የሰው ዕድሜ ዞሮ ከመነሻው ይገናኛል። ልዩነቱ ልጁ ሰንጢውን ለመክፈት መታገሉ፣ አረጋዊው ግን ትግሉን ትቶ ሌላ ዕቃ መምረጡ ነው። የአገራችን ሽማግሌዎች በአንገታቸው ወይም በቀበቷቸው አንጠልጥለው ይይዙት የነበረው ወረንጦ ለዚህ ምስክር ነው። ስለት የለውም፣ ሞላ የለውም፣ አይታጠፍም፤ ግን እሾህ ያወጣል። ብዙ ጊዜም እሾሁ የሚወጣው ከሽማግሌው እግር ሳይሆን፣ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ከወጋው የልጅ ልጅ እግር ነው።

ረ. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ በልጅነት ዕቃው የራስ መሆኑ፣ በወጣትነት ኀይሉ፣ በጎልማሳነት አስተማማኝነቱ፣ በእርጅና ደግሞ ለአካል መስማማቱ ይቀድማል። አንዱ ምርጫ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው የራሳችንን ዕድሜ ምርጫ በሌላው ሰው እጅ ላይ ስናስቀምጥ ነው። ያ ወጣት አያቱን ይወድ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪውን የገዛው በራሱ ዐይን አይቶ ነው።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንደሚባለው፣ ዕቃም ለሚይዘው ሰው ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው መሣሪያ ስንመርጥ አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል። የሚይዘው የማን እጅ ነው? የሚያይበት የማን ዐይን ነው? የሚሠራበት ሥራ ምንድን ነው? ድንጋዩ ሲያልቅስ ባለበት አካባቢ ይገኛል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሱቅ ሻጩ ይልቅ የተሻለ መልስ ያለው ዕቃውን የሚይዘው ሰው ራሱ ነው።

መልመጃ

1. ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
ሀ) የሰው ምርጫ ከዕድሜ ጋር እንዲለወጥ የሚያደርጉት ሦስት ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
ለ) ለብዙ ጊዜ የማንጠቀምበትን ባትሪ ድንጋዮቹን ማውጣት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
ሐ) አረጋዊ ብዙ ብርሃን የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ፣ እጅግ ደማቅ ባትሪ የማይስማማው ስለምንድን ነው?
መ) ሽማግሌው ባትሪው እንዳልተስማማቸው ለልጅ ልጃቸው ሳይናገሩ የቆዩት ለምን ይመስላችኋል? ወጣቱስ ምን ማድረግ ነበረበት?

2. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ካላቸው ፍች ጋር አገናዝባችሁ በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡ።
ዘረገፈ፣ ጮራ፣ ዳበሳ፣ አጥበረበረ፣ ደነደነ

3. «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «ስለሆነም»፣ «ይኸውም» እና «ሆኖም» የተባሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የሚገኙባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ለይታችሁ ጻፉ። ምክንያትን ከውጤት የሚያያይዙት፣ ተቃራኒ ሐሳብን የሚያገናኙትና የሚያብራሩት የትኞቹ እንደሆኑ አመልክቱ።

4. በቤታችሁ ካሉ አረጋውያን አንዱን፣ በልጅነታቸው፣ በወጣትነታቸውና አሁን በኪሳቸው ወይም በመቀነታቸው ምን እንደሚይዙና ለምን እንደለወጡት ጠይቁ። ከዚያም ያገኛችሁትን መልስ መሠረት አድርጋችሁ፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው የአምስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።